ነጌሌ ላይ ውርጭ የፈራው ጓጉንቸር

ያለፈው ታህሳስ ለአንድ የድሮ ወዳጄ ተዝካር ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ ብርድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ኮቴን፣ ሹራቤን፣ ኮፍያዬን ሁሉ እንደለበስኩ ነው የተኛሁት። ያወለቅኩት ጫማዬን ብቻ ነው፣ እሱንም አንሶላ አበላሸ ተብዬ እንዳልታማ። ማለዳ ላይ ውጭ ፀሐይ ይኖራል በሚል የዋህነት ተነስቼ የግቢውን በር ልከፍት ሄድኩ። በሩ በሰንሰለት ታስሯል፣ ሰንሰለቱ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፣ ጓጉንቸሩ ላይ ደግሞ ጨው የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ውርጭ። ቁልፉን ምስማር ላይ አግኝቼ ስከተው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ጓጉንቸሩን ጨበጥ ሳደርገው ጣቴ ብረቱ ላይ ልጥፍ አለ። ብቻዬን ሳቄን ለቀቅኩት። ማንም ቢያየኝ የሟች ወዳጅ ሳይሆን የሟች ባላጋራ ነው የመጣው ይል ነበር። ሳቁ ግን አልቆየም። ያ ብረት ፊቴ ድርቅ ብሎ እምቢ ሲለኝ አፍንጫዬ ላይ አንድ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ሞራና የላምባ ሽታ። ደብረ ብርሃን ላይ ቆሜ ነጌሌ ቦረና ገባሁ።

ነጌሌ ያኔ የኤንትሬ የጭነት መኪና ጥሩንባ የሚቀሰቅሳት ከተማ ነበረች። ከሻሸመኔ ተነስቶ ክብረ መንግሥትን አልፎ የሚመጣው መኪና ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ ቀይ። ፊቱን እስኪታጠብ ድረስ የማን ልጅ እንደሆነ እናቱም አትለየው። እኔ የደረስኩት በቤልቦተም ሱሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፋሽኑ ካለፈ ሰነባብቷል፣ የሸጠልኝ ሰውዬ ግን “ነጌሌ ገና አልደረሰም፣ ቀድመህ ትገባለህ” ብሎ ሸወደኝ። የሱሪዬ ጫፍ ከጤና ጣቢያው እስከ ሻይ ቤቱ ያለውን መንገድ ሲጠርግ ይውላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደሞዝ ሊቆርጥልኝ በተገባ። ጎፈሬዬ ውስጥ የሚገባው አቧራ ደግሞ ጎመን ያበቅላል። ሻይ ቤቱ ውስጥ በስሙኒ ሻይና ብስኩት ይገኛል፣ ከዶሎ በኩል የሚመጡ ሽርጥ የለበሱ ነጋዴዎች ይቀመጣሉ፣ አንድ ቴፕ ይዘፍናል። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይታመማል፣ ድምፁ ይጎተታል፣ ሊሞት ምንም አይቀረው። ባለቤቷ ድንጋዮቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ዘፋኙ ድኖ ይነሳል። እኔ በሙያዬ ጤና ረዳት ነበርኩ፣ ያኔ እንደሚሉት ድሬሰር፤ እንደዚያ ፈጥኖ የዳነ በሽተኛ ግን አልነበረኝም። ባለፈው ሄጄ ሳይ ያ ጥግ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ልጁን “እዚህ ጋ ድንጋይ ይሰጣ ነበር” ብዬ ብነግረው “ምን ዓይነት ድንጋይ ጋሼ?” አለኝ። ጋሼ! እኔን!

ጤና ጣቢያችን ከከተማው ዳር፣ ግራር ስር ነበር። መሃል ላይ የባንዲራ እንጨት፣ በዚህ በኩል ማዋለጃ ክፍል፣ ፊት ለፊቱ የመድሃኒት እስቶር። ሁለቱ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሳ እስቶሩ በር ላይ ቆመን ስናወራ ማዋለጃው ውስጥ ያለች ሴት ቃል በቃል ትሰማናለች። አዋላጇ ሲስተር ማርታ የነጌሌ ልጅ ናት፣ ቤተሰቧ በሙሉ ጴንጤ፣ እሷም ምጥ በያዛት ሴት ራስጌ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ሰው አይስማ ተብሎ በአፍንጫ የሚዘመርበት ጊዜ ነበር። እኛ ስንንጫጫ በመስኮት ብቅ ትልና “እናንተ! የናንተ ወሬ ምጥ ያስረሳል፣ ዞር በሉ!” ትለናለች።

የእስቶሩ በር ብረት ነው፣ ሌባ ሳይሆን ታንክ ለመመለስ የተሠራ የሚመስል። ጓጉንቸሩ የጨቅላ ሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ቁልፉ ሁለት ሆኖ አንዱ ክፍለ ሀገር መሥሪያ ቤት ተቀምጧል፣ ማለትም ለኛ የለም። ሌላው የእስቶሩ ሹም የጋሽ ወንድይራድ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሯል። እስቶሩ ውስጥ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ አለ፣ ሙቀት የማይወድ መድሃኒት ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል፤ ክትባቱም፣ የወለደች ሴት ደም የሚያቆመው መርፌም።

ጋሽ ወንድይራድ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ነጌሌ ብዙ ዓመት ኖረው እንኳ ብርዱ ከላያቸው አልለቀቀም። በዚያ ሙቀት ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይሄዳሉ። አርባን ካለፉ በኋላ ነው ያገቡት፣ ዳኪ የምትባል የአሬሮ ከብት ነጋዴ ልጅ፣ ረዥም፣ ሳቂታ፣ አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛ እንደ ስኳር የሚሟሟ። እኔ እትዬ ዳኪ እላታለሁ፣ እሷ ተሾመ ሲከብዳት ተሼ ትለኛለች። ጋሽ ወንድይራድ አንድ ወሬ ነበረቻቸው፣ እሷኑ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወሯታል። ድምፃቸውን ዝቅ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ክተት ያደርጉና፦

“ደብረ ብርሃን እያለን፣ አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ታህሳስ ሲገባ የበሩን ጓጉንቸር ሞራ ይቀቡታል። ለምን? ጤዛው ሆዱ ገብቶ ሌሊት በረዶ እንዳይሆን። አንድ ማታ ረሱ። ጧት ቁልፉ እምቢ። እኔ ድንጋይ አንስቼ ልመታው ስል እጄን ያዙኝ። ‘ተው ልጄ፣ ብረት ይበርደዋል እንጂ አይከፋም። አትቸኩል። ቁልፉን እሳት ላይ አሙቀው። ግባ በለው። ትንሽ ቆይ። አውጣው፣ ጥረገው፣ ደግመህ አሙቀው። እስኪሞቀው ድረስ ለምነው።’”

እዚህ ላይ ዳኪ በሳቅ ትፈነዳለች። “ሶባ! ውሸት! ውሃ ተነስቶ ድንጋይ ይሆናል? እኛ አገር ውሃ ራሱ የለም፣ አንተ ድንጋዩን ታመጣለህ!” ጋሽ ወንድይራድ ይማላሉ፣ እሷ ትስቃለች። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ዕውቀት ነስቶ አፍ የሰጠኝ ሰው፣ ይህን ወሬ በጋሽ ወንድይራድ ድምፅ መቅዳት ሙያዬ ሆነ። ኮፍያ ወደ ጆሮዬ ሳብ፣ እጅ ብብት ውስጥ፣ ጥርስ ግጭት ግጭት፤ የነጌሌ ፀሐይ አናቴን እየቀቀለችኝ “ብረት ይበርደዋል እንጂ አይከፋም” ስል በሽተኛው ሁሉ ይስቃል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እሳቸው ናቸው ብሎ ይምላል። አንድ ቀን ዳኪ ምሳ ይዛላቸው መጥታ እያየችኝ፣ ጋሽ ወንድይራድ ከኋላዬ ደረሱ። መሬቱ ቢውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ “ብርዱን አሳንሰኸዋል” ብለው አርመውኝ አለፉ። ዳኪ ግራሩን ተደግፋ ሳቀች።

ሰውየው ወሬ ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ታህሳስ በገባ ቁጥር ከሥጋ ቤት ሞራ ይገዙና የእስቶሩን ጓጉንቸር ይቀቡታል። ነጌሌ ላይ! ጥላ ስር የተቀመጠ ሰው በሚያልበው አገር! “ጋሼ፣ እዚህ እኮ ውርጭ የለም” ብንላቸው “ታህሳስ ታህሳስ ነው” ይላሉ። አገራቸው የቀረቻቸው በዚያች ቅባት ብቻ ይመስለኛል። ዘበኛችን ኦቦ ጉዮ፣ ሽበታቸው ያማረ የቦረና አዛውንት፣ በትራቸው ላይ ተደግፈው ይመለከቷቸዋል።

“ናጋ፣ ወንድይራድ?” ይላሉ፤ ሰላም ነህ ወይ ማለታቸው ነው።

“ናጋ፣ ኦቦ ጉዮ።”

“እኛ ከብት ስናርድ ሞራውን እናነባለን። ዝናብ ይመጣል፣ ጦር ይመጣል፣ ይነግረናል። እናንተ መጽሐፉን ወስዳችሁ ብረት ትቀባላችሁ።”

“እኔ በሞራ ጥንቆላ አላምንም።”

“እሺ። ብረቱ አንብቦ ይንገርህ።”

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ። ጓጉንቸሩ በየቀኑ ስለሚከፈት የሞራው ነገር ሳቅ ሆኖ ቀረ። የዚያን ታህሳስ ግን ሁለት ነገር ተገጣጠመ። አንደኛ፣ የበጋው ነፋስ ጤናውን አጣ። ቀዩ አቧራ ከአሬሮ በኩል ተነስቶ ከተማዋ ላይ ይተኛል፣ ቀትር ላይ መኪና መብራት አብርቶ ይሄዳል፣ ወጥ ውስጥ ድስቱ ተከድኖ አቧራ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ያኔ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ “አልመቸኝም” የሚባል ነገር የለም። ሁላችንም ስብሰባ ስለዋልን ከሐሙስ ጀምሮ እስቶሩን የከፈተው ሰው የለም። ጋሽ ወንድይራድ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ሊቆይ ነው ብለው አስበው ጓጉንቸሩን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ደህና አድርገው ቀቡት፤ ቀዳዳው ውስጥ ሳይቀር ጠቀጠቁለት። ፀሐዩ ሞራውን አቀለጠ፣ ነፋሱ አቧራውን አቦካ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አደረቀው። ደግሞ ቀለጠ፣ ደግሞ ተቦካ። ሸክላ ሠሪ እንኳ እንዲህ አድርጋ አታቦካም።

ሰኞ ጧት ዳኪን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። መርፌው ሁልጊዜ ምጥ ሲፋፋም ከፍሪጅ ወጥቶ ይዘጋጃል፤ ሲስተር ማርታ ግን ገብታ አይታ “ገና ነው፣ ማታ ይደርሳል” አለች። ሆዷ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን አልሰማቻትም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የሕፃኗ ጩኸት ከመስኮቱ ወጣ። ጋሽ ወንድይራድ ኮታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቱት። ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ለሁላችንም አደሉ፤ ለኦቦ ጉዮም፣ ተራ ለሚጠብቀው በሽተኛም። እኔ ከረሜላዬን ሳልጨርስ ሲስተር ማርታ መስኮቱ ላይ ታየች። እጇ እስከ ክንዷ ደም ነው። አልጮኸችም። እሷ ካልጮኸች ነገሩ ክፉ እንደሆነ እናውቃለን።

“ተሾመ፣ ደሟ አልቆመም። መርፌውን። ቶሎ።”

ጋሽ ወንድይራድ ሰምተዋል። ከእኔ ቀድመው በሩ ጋ ደረሱ። ቁልፉን ከአንገታቸው ሳይፈቱ ጎንበስ ብለው ከተቱት። ቆም አሉ። አወጡት፣ አዩት፣ ደግመው ከተቱት።

“ጋሼ፣ ምን ሆኑ?”

“አይገባም።”

“እንዴት አይገባም?”

“አይገባም ልጄ። አይገባም።”

ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትተው ሰጡኝ፣ እኔም ሞከርኩ። ግማሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ግድግዳ ነው። አቧራውና ሞራው ሆዱ ውስጥ ሲሚንቶ ሆኗል። ኦቦ ጉዮ ትልቅ ድንጋይ አንስተው መጡና አንዴ ጓ አደረጉት። ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ጓጉንቸሩ ምንም አልሆነም። ጋሽ ወንድይራድ “አይመቱት! ከተጣመመ ጨርሶ አይከፈትም!” ብለው ጮኹ። መጋዝ ያለው ጋራዥ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው፣ ባለጋራዡም ገና ከስብሰባ አልተመለሰም። ጫጫታችንን ሰምቶ ጤና ጣቢያውን የሚቆጣጠረው የኮሚቴው ጓድ ክላሰሩን በብብቱ ይዞ ደረሰ።

“ምንድነው? የመንግሥት እስቶር ነው የምትደበድቡት?”

“ጓድ፣ ሴትዮዋ ደም እየፈሰሳት ነው። እንስበረው” አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ የፈራ ሰው ነበር። “ያለ ኮሚቴ የተሰበረ በር ነገ እኔን ነው የሚያስጠይቀኝ። ኮሚቴው ይሰብሰብ።” ያኔ መጠየቅ የምትባለው ቃል ሰው ይዛ ሄዳ ብቻዋን የምትመለስ ቃል ነበረች፤ ሁላችንም እናውቃታለን።

ኦቦ ጉዮ የተሰነጠቀውን ድንጋይ ጣሉት። “ደም ስብሰባ ይጠብቃል? ዋቃ! እስቲ ሂድና ንገራት፣ ቆዪ በላት!”

ከመስኮቱ የሲስተር ማርታ ድምፅ መጣ። “ተሾመ! ገባህ?”

“እየተከፈተ ነው ሲስተር!” አልኩ። እንዲህ ያለ ውሸት አፌ ላይ ዝግጁ ነው።

ዞር ስል ጋሽ ወንድይራድ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ቁልፉን በመዳፋቸው ጨብጠዋል። የሞራ ቆርቆሯቸው እዚያው በሩ ስር አለች፣ እሷን ያያሉ። “እኔ ነኝ” ይላሉ፣ ድምፅ የለውም፣ ከንፈራቸው ነው የሚነበበው። ትከሻቸውን ያዝኩ፣ ነቀነቅኳቸው፣ ጋሼ አልኳቸው። የሉም። ማዋለጃው ውስጥ ሕፃኗ ታለቅሳለች። እናትየው ድምፅ የላትም። ይሄ ነው ያስፈራኝ፤ ያቺ ሳቂታ ሴት ድምፅ የላትም።

እኔ ስፈራ የምቀልድ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት ስቄ አክስቴ በጥፊ ያለችኝ ጊዜ አለ። ጭንቅላቴ ባዶ ሲሆን፣ አፌ ብቻውን ሥራ ይጀምራል። ያን ቀትርም፣ እጄ ብብቴ ውስጥ መቼ እንደገባ ሳላውቅ፣ የሚወጣው የጋሽ ወንድይራድ ድምፅ ሆነ።

“ደብረ ብርሃን እያለን፣ አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ታህሳስ ሲገባ...”

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ጉዮ በትራቸውን ጨበጡ፣ ሊያሳርፉብኝ ነው። የኮሚቴው ጓድ አበደ ብሎ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። እኔ ማቆም አልቻልኩም። “አንድ ማታ ረሱ። ጧት ቁልፉ እምቢ። እኔ ድንጋይ አንስቼ ልመታው ስል እጄን ያዙኝ። ተው ልጄ፣ ብረት ይበርደዋል እንጂ አይከፋም...”

ጋሽ ወንድይራድ ቀና አሉ።

“አትቸኩል” አልኩ፣ አሁን እያወቅኩ፣ እያየኋቸው። “ቁልፉን እሳት ላይ አሙቀው።”

ተነሱ። በእጃቸው ብቻ መርፌ ወደምንቀቅልበት ክፍል ጠቆሙኝ። በረርኩ። የላምባ ምድጃው፣ ፕሪመሱ፣ እየነደደ ነው፣ መርፌዎቹን ደፍቼ እሳቱን እንዳለ ይዤው መጣሁ፣ እየጮኸ፣ ጢሱ ጎፈሬዬን እየለበለበ። በሩ ስር አስቀመጥኩት። ከብረቱ በር ጀርባ አልኮል በጀሪካን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አላነሳነውም። ጋሽ ወንድይራድ ቁልፉን በፒንሳ ይዘው እሳቱ ላይ አደረጉት። የኮሚቴው ጓድ አፉን ሊከፍት ሲል ኦቦ ጉዮ “ቁልፍ ነው። ቁልፍ ስብሰባ ይፈልጋል?” አሉት። ጓድየው ትንሽ አሰበና ፊቱን ወደ ባንዲራው እንጨት አዞረ። “እኔ ያየሁት ቁልፍ ነው” አለ። “ቁልፍ ይፈቀዳል።”

ቁልፉ ገባ። ቀዳዳው ውስጥ ጭስ አለ፣ የሞራ ጢስ፣ ያ ሽታ። “ግባ በለው” አልኩ። “ትንሽ ቆይ።” ጋሽ ወንድይራድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እኔ ባወራሁ ቁጥር እጃቸው መንቀጥቀጡን ይተዋል፣ ዝም ስል ይጀምራቸዋል፤ ስለዚህ ዝም አላልኩም። “አውጣው። ጥረገው።” ጥቁር ቅባት ተግቶ ወጣ። መጥረጊያ ፈለጉ፣ የለም፤ ጎንበስ ብለው በቤልቦተሜ ጫፍ ጠረጉት። ያ ሱሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ጥቅም ዋለ። “ደግመህ አሙቀው።” ደገሙ። ሞራው ከጓጉንቸሩ ስር ቀይ ሆኖ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ቁልፉ እስከ አንገቱ ገባ። አሁን መዞር ነው፣ የጋለ ቁልፍ ደግሞ ሲጠመዘዝ እንደሚሰበር እናውቃለን፣ ሌላኛው ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ሄደው እንኳ የሚያገኙት አይደለም። ጋሽ ወንድይራድ አዩኝ። ቢሆንም ወሬው የራሱ መጨረሻ አለው።

“እስኪሞቀው ድረስ ለምነው” አልኩ።

ፒንሳውን ጥለው ቁልፉን በባዶ ጣታቸው ያዙት። የቆዳቸውን ጢስ አየሁ። አላዞሩትም፣ ነካ ነካ አደረጉት እንጂ፣ ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ፣ ሕፃን እንደማባበል። ቀጭ አለ።

እንዴት ፍሪጁ ጋ እንደደረስኩ አላስታውስም። ማዋለጃው በር ላይ መርፌውን ለሲስተር ማርታ ስሰጣት ዳኪን በትከሻዋ በኩል አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ዓይኗ ተከድኗል። ሲስተር ማርታ በሩን በእግሯ ዘጋችው።

ስመለስ ጋሽ ወንድይራድ እስቶሩ በር ስር ተቀምጠዋል፣ የተቃጠሉ ጣቶቻቸውን እንደ ሰው ዕቃ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው። መሬቱ ላይ የቀለጠው ሞራ ረግቷል፣ ጠብታው እዚህም እዚያም። በሞራ የማያምኑት ሰው ጠብታውን እያዩ፣

“ኦቦ ጉዮ፣ ምን ይላል?” አሉ።

ኦቦ ጉዮ ጎንበስ ብለው አዩት። ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገባቸው ተቀመጡ።

“አፈር ነክቶታል። አይነበብም” አሏቸው። “ጠብቅ።”

ጠበቅን።

...እና እንግዲህ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ያንን ጓጉንቸር ይዤ ቆሜ፣ ከኋላዬ የቤቱ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

“አካም ቡልቴ፣ ተሼ? እንዴት አደርክ? ሌባ መስለህ በሬን ትነቀንቃለህ?”

“ናጋ ነው፣ እትዬ ዳኪ። እትዬ ዳኪ፣ ጓጉንቸርሽ በረዶ ሆነ።”

ረዥሟ ሴትዮ ጎብጣለች፣ ሁለት ጋቢ ደርባለች፣ በላዩ ላይ የጋሽ ወንድይራድን ካኪ ኮት ጥላለች። እጇ ላይ የሞራ ቆርቆሮ። ጋሽ ወንድይራድ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገሬ አሉ፣ እሷ ተከትላ መጣች፣ ልጃቸው ጫልቱ ደግሞ እዚሁ አድጋ አግብታ ወለደች። ከዚያ ሰኞ በኋላ ጋሽ ወንድይራድ ነጌሌ ላይ ሞራ አልነኩም፤ ጓጉንቸሩ ላይ የጎማ ቁራጭ እንደ ባርኔጣ ሰቀሉለት፣ ቀዳዳውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረጉ ኖሩ። እዚህ ሲመጡ ግን ሞራው ተመለሰ፤ እሳቸው ሲደክሙ ቀቢዋ እሷ ሆነች። እነሆ የአሬሮ ልጅ ውርጭ ስትዋጋ።

“ትናንት በተዝካሩ እንግዳ ግርግር ሳልቀባው አደርኩ” አለችኝ። በሩ ስር ያለውን ባልዲ በእግሯ ነካ አደረገችው፤ ውሃው ድንጋይ ሆኗል። “ውሸታም እለው ነበር። እዚህ የመጣሁ ጧት ይችን ባልዲ ተሸክሜ አልጋው ድረስ ወሰድኩለት። አባ ጫልቱ፣ ይቅር በለኝ አልኩት።”

ክብሪት ሰጠችኝ። እኔ ቁልፉን በእሳቱ ስለበልብ እሷ በሩን ተደግፋ ፀሐይዋን ትጠብቃለች።

“ያን ቀን እኮ ሰምቼዋለሁ” አለች።

“ምኑን?”

“እሱን። ነጌሌ። እኔ ዓይኔ ጨልሟል፣ እግሬን አላውቀውም፣ ማርታ ትጸልያለች። ከዚያ በመስኮት ድምፁ መጣ። ያችን የውርጭ ወሬውን ያወራል። ደብረ ብርሃን እያለን ይላል። በልቤ፣ ሚስቱ የምትሞትበት ሰው እንዲህ ተረጋግቶ ወሬ አያወራም፣ ስለዚህ አልሞትም አልኩ። ወሬው እስኪያልቅ ልስማው ብዬ ቆየሁ። ለመስማት ነው የቆየሁት፣ ተሼ።”

ክብሪቱ ጣቴን አቃጠለኝ። ሌላ ጫርኩ።

“ነገርሻቸው?” አልኳት።

“ነገርኩት። ምንም አላለም። ዓይኑ ሞላ፣ ጣቱን አየ።”

በሕይወቴ አፌ ታዝዞኝ የተዘጋው ያን ጧት ይመስለኛል። የሞቀውን ቁልፍ ከተትኩት፣ ግማሽ ሄደ፣ አወጣሁት፣ ጠረግኩት።

“በቃ ዝም ብለህ ነው የምትከፍተው?” አለች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ራሷን ወደ በሩ አዘነበለች። “አውራው እንጂ።”

እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ያ ድምፅ የት ኖሮ እንደሆነ እንጃ፣ እንዳለ መጣ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ብረት ይበርደዋል እንጂ አይከፋም። አትቸኩል። ቁልፉ እስከ አንገቱ ገባ፣ ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ፣ ቀጭ። ሰንሰለቱ ወደቀ።

ዳኪ ዓይኗን አልከፈተችም።

“ጥሩ ነው” አለች። “ብርዱን ግን ዛሬም አሳንሰኸዋል።”